የመርዶ ነጋሪዋ ፊት

«አንዱ ሴሽን ስድስት ሺህ አምስት መቶ ነው፣ ማዘር። ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ለውጥ አይጠብቁ፤ ቢያንስ አራት ጊዜ ያስፈልግዎታል» አለች ሰምሃል። ሰምሃል ኦሎምፒያ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የቆዳ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እንዲህ ያለውን ዋጋ «እንደምን ዋሉ» በሚባልበት ድምፅ የመናገር ተሰጥኦ አላት።

የሺመቤት አልደነገጠችም። ቢያንስ ድንጋጤዋን ፊቷ ላይ አላወጣችውም፤ ይህን የቻለችበት ምክንያት አለ፣ እንመጣበታለን። በሆዷ ግን ስሌቱን ጀመረች። የመነዘረችው ደግሞ በሴራሚክ ነው። የካ አባዶ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤቷ ወለል ከተረከበችበት ቀን ጀምሮ ሲሚንቶ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አንጥፎ ጨርሶ እሷና ባሏ ብቻ ቀርተዋል። ለሴራሚኩ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ያለው። አራቱ ሴሽን ሳሎኑን ከነመተላለፊያው ይጨርሳል። አንድ ፊት ለአንድ ሳሎን።

«ያማል?» አለች።

«ማደንዘዣ ቅባት እንቀባዎታለን። ብዙም አይሰማዎትም።»

የሕክምናውን ስም ሰምሃል ሦስት ጊዜ ነገረቻት፣ ሦስቱንም ጊዜ ጠፋት። ማይክሮኒድሊንግ ይባላል። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀላል፤ ጫፉ ላይ ደቃቅ መርፌዎች ያሉት፣ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ፊትን ይጠቀጥቃል፤ ቆዳው አዲሱን ቁስል ሊጠግን ሲነሣ የድሮውንም ጉድጓድ አብሮ ይሞላል። የሺመቤት ስሙን ትታ ሐሳቡን ወደደችው። ከፈለች።

አሁን ስለ ፊቷ እናውራ። የሺመቤት አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለሚ ኩራ ውስጥ በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ትሠራለች፣ እሷ ባለችበትም ፋይል አይጠፋም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ደብረ ማርቆስ እያለች ብጉር ፊቷን ወርሮት ነበር። እናቷ «አትንኪው» ስትላት በጥፍሯ እየጎረጎረች፣ «ተዪው» ስትላት እያፈረጠች፣ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ጉድጓድ ቀረ። ይህም ሆኖ ባል አገባች፣ ልጅ ወልዳ ዳረች፣ ስትስቅ ግቢውን ታነቃንቃለች። ጉድጓዱ ለብዙ ዓመት አላሳሰባትም ነበር።

ያሳሰባት መርዶ መንገር ከጀመረች በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይሆናል፤ ከሕንፃቸው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ሹፌር መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተና ለሚስቱ የሚያረዳት ሰው ጠፋ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገሰሰ፣ የልባቸውን ከመናገር በፊት የማያላምጡ ደግ ሰው፣ «የሺመቤት ትንገራት፤ የእሷ ፊት እንደሆነ ራሱ ያዘነ ነው» አሉ። የሺመቤት ሄዳ ነገረች። ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላ ሰው አልተላከም።

ደግሞም ታውቅበታለች። ማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ትሄዳለች። ብቻዋን አትሄድም፤ ሁለት ሰው ታስከትላለች። እንደገባች ምድጃ ላይ እሳት መኖር አለመኖሩን ታያለች፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ወስዶ እንደሆነ ታጣራለች። ከዚያ ሄዳ የበረንዳውን በር ትዘጋለች፣ ቤቱ ፎቅ ነው፣ ሐዘን ደግሞ ሰውን ወዴት እንደሚወረውረው አይታወቅም። በመጨረሻ ከጎኑ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ፣ ሳታንዛዛ በአንድ ቃል ትናገራለች። ነግሮ የሚሄድ ብዙ ነው፤ የሺመቤት ነግራ ትቀራለች። ሣልስቱ እስኪወጣ ዕቃ ስታጥብ፣ ሰው ስታስተናግድ፣ ሐዘንተኛዋን በግድ ስታጎርስ ትሰነብታለች። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል።

ሰፈሩ ግን እጇን አልሳመም፤ ፈራት። በተለይ የበረንዳው በር ነገር በሕንፃው ውስጥ የታወቀ ሆነ፤ የሺመቤት ገብታ ያን በር ከዘጋች አለቀ። አንድ ቅዳሜ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ አራተኛ ፎቅ አንኳኳች። የከፈተችላት ሴት አይታት የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አመለጠ። ሴትዮዋ ኋላ ላይ ስቃ ይቅርታ ጠየቀች። የሺመቤትም አብራት ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን መስታወት ፊት ቆማ ጉንጮቿን ለረጅም ጊዜ አየች። «ይሄ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው» አለች። ለዚያ ነው ኦሎምፒያ የሄደችው፤ በር ስታንኳኳ እንደ ማንም ሴት ልትታይ።

ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ ለዓለምሰገድ እንዳትነግረው ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ በደመወዙ ስንት ካሬ ሴራሚክ እንደሚገዛ አብጠርጥሮ ያውቃል። የከበዳት ግን ለገንዘቤ አለመናገሯ ነው።

ገንዘቤ በር ለበር የምትኖር ጎረቤቷ ናት። የሆሳዕና ሰው ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ባሏ ላጲሶ የግንባታ ፎርማን ነው። የሺመቤት የምትጾም ስለሆነ ገንዘቤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አትጠብስም፤ «ሽታው መተላለፊያውን አልፎ ሄዶ ያስታት እንደሆነስ» ትላለች። የአንዷ ቁልፍ ሌላዋ ዘንድ ይውላል። ሁለቱ የማያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የየሺመቤትን ሥራ። የገንዘቤ የበኩር ልጅ እዝራ ከሁለት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቷል። ድምፁ ከተሰማ ሰባት ወር አልፎታል። ገንዘቤ ስልኳን ከእጇ አትለይም። መርዶ ከመጣ ማን ይዞት እንደሚመጣ ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ።

ወደ ክሊኒኩ እንመለስ። የሺመቤት ቅባቱን ተቀብታ አንድ ሰዓት ተቀመጠች፤ ፊቷ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ መርፌው ጉንጯን፣ አገጯን፣ ግንባሯን ዞረው። ጉንጯ ላይ እንደተባለው ብዙም አልተሰማትም፤ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ግን የዚያን ሴራሚክ ገበያ ሁሉ ረገመች። ሲያልቅ መስታወት ሰጧት። የተላጠ ቲማቲም! ዓይኖቿ አብጠው ያለቅሳሉ፣ ጉንጯ ላይ ደቃቅ የደም ነጥብ ተዘርቶበታል።

«ኖርማል ነው» አለቻት ሰምሃል። «ነገ ከነገ ወዲያ ይጠፋል። ለዛሬ ውሃ አይንካው፣ ሳሙና አይነካም፣ የምድጃ ሙቀትም አይሆንም። ከሁሉም በላይ ፀሐይ! ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፣ ገንዘብዎም በከንቱ ይቀራል። ጃንጥላ ይዘዋል አይደል?»

ጃንጥላ አልያዘችም። ነጠላ ግን ነበራት። ነጠላዋ ሳሳ ያለ ነው፣ ፀሐይ ያሳልፋል፤ ጥለቱ ግን ወፍራም ነው፣ ሦስት ጣት ይሆናል። የሺመቤት ብልህ ሴት ናትና ነጠላዋን ገለበጠችው፣ ወፍራሙን ጥለት ወደ ላይ አምጥታ ፊቷን ዙሪያውን ከለለችበት፣ ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋም ጥላ ሠራች። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ብቻ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ለስንቱ ሐዘንተኛ ነጠላውን በገዛ እጇ ያዘቀዘቀችው የሺመቤት ግን ያን ቀን ጭራሽ አልታሰባትም። የታሰባት ስድስት ሺህ አምስት መቶው ነው።

ከመገናኛ የካ አባዶ በያዘችው ሚኒባስ ውስጥ ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። ፀሐይ በሌለበት በኩል መቀመጥ እንደምትፈልግ ስትናገር ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ እሷ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሰብሮ አለፋት። ከጎኗ የተቀመጡ አሮጊት እጇን ጨበጥ አድርገው «አይዞሽ ልጄ» አሏት።

«ደህና ነኝ እናቴ፣ ብዙም አላመመኝ» አለች የሺመቤት በደነዘዘ ከንፈሯ። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሺመቤት በመስኮቱ እያየች በሆዷ ደስ አላት። ገና በመጀመሪያው ቀን! ሰው እንዲህ በርኅራኄ ዓይን አይቷት አያውቅም። አራቱን ስትጨርስማ ምን ሊሆን ነው? እስከ አባዶ ድረስ ይህን ስታሰላስል፣ ቤቷ እንደደረሰችም ለገንዘቤ ሁሉንም እንደምትነግራት ስትወስን ሄደች። እንዲህ ያለውን ደስታ ብቻዋን መሸከም አልቻለችም።

ግቢው በር ላይ አቶ ገሰሰ ከጥበቃው ጋር ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወደ ላይ ነሽ፣ የሺመቤት?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አዎ፣ አቶ ገሰሰ።» ፀሐዩ እያቃጠላት ስለነበር አልቆመችም።

«ሦስተኛ?»

«ሦስተኛ ነው» አለች፣ የራሷን ፎቅ መጠየቃቸው ሳይገርማት። አቶ ገሰሰ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ስልካቸውንም ከኪሳቸው አወጡ።

ቁልፏ ገንዘቤ ዘንድ ስለነበር ያንኳኳችው የገንዘቤን በር ነው። ገንዘቤ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር፤ ትሪውን በአንድ እጇ እንደያዘች ከፈተች። አየቻት። ነጠላውን፣ ያበጠውን ዓይን፣ የቀላውን ፊት። የሺመቤት ፈገግ ልትልላት ሞከረች፤ ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትምና ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ሳትናገር ገባች። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ በገንዘቤ በረንዳ በኩል ቀጥ ብላ ሳሎኑ ውስጥ ትገባለች፤ ብርሃኑ ልክ ፊቷ ላይ አረፈ። የሺመቤት ቅድሚያ ለሚሰጠው ቅድሚያ ሰጠች። ሄዳ የበረንዳውን በር ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ዞራም እንዲህ አለች፤

«ገንዘቤ፣ እስቲ ቁጭ በይ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

ትሪው ወደቀ። ሽንኩርቱ በሳሎኑ ተበተነ።

«እዝራ» አለች ገንዘቤ። አልጮኸችም፤ ልጁ ማዕድ ቤት ውስጥ እንዳለ ሁሉ ቀስ ብላ ነው የጠራችው። ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ግን ከሆዷ የወጣው ድምፅ እስከ ግቢው በር ተሰማ።

የሺመቤት የገባት ያኔ ነው። የዘጋችውን በር አየች። ዓይኗ ሥር ያለውን ጥለት አየች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። «አይደለም! ገንዘቤ፣ አይደለም! ስለ እዝራ የሰማሁት የለም! የራሴ ጉዳይ ነው!» እያለች አብራት መሬት ወደቀች፣ ትከሻዋን ያዘቻት፣ ነቀነቀቻት። ገንዘቤ አልሰማቻትም። «ጌታዬ፣ ልጄን! ጌታዬ፣ ምነው ልጄን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ሰዉ በደረጃው ጎርፎ ገባ። ከታች የድንኳኑ ብረት ሲራገፍ ይሰማል፤ አቶ ገሰሰ ሥራቸውን የሚያዘገዩ ሰው አይደሉም።

የሺመቤት ተነሥታ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው፣ ወለል ላይም ጣለችው። «ስሙኝ!» አለች። የዘጠኝ ዓመት መርዶ ነጋሪ ድምፅ ነውና ሁሉም ጸጥ አለ፣ ገንዘቤም ጭምር። «ማንም አልሞተም። ክሊኒክ ሄጄ ነው። ፊቴን በመርፌ ተወግቼ ነው፣ ጉድጓዱ እንዲሞላልኝ። ፀሐይ አይንካሽ ስላሉኝ ነው በሩን የዘጋሁት። የሞተ የለም።»

 ሽንኩርቱ እግር ሥር ይሸታል። በመጨረሻ ከምድር ቤት የመጣችው ኣብርሀት አንገቷን አስግጋ የየሺመቤትን ጉንጭ መረመረችና፣

«ስንት ተቀበሉሽ?» አለች።

ይህች አገር ይህች ናት! የሺመቤት ደብቃ የያዘችውን፣ ለባሏ ያልተናገረችውን ዋጋ፣ ሠላሳ ሰው በተሰበሰበበት ተናገረች። «ስድስት ሺህ አምስት መቶ።»

«ለሁሉም?»

«ለአንዱ ጊዜ። አራት ጊዜ ነው።»

ደረጃው ላይ አንድ ሰው አፏጨ። አቶ ገሰሰ እጃቸው ላይ የድንኳን ገመድ እንደተጠመጠመ «በሃያ ስድስት ሺህ እኮ ይህን የተቀዳደደ ድንኳን እናድሰው ነበር» አሉ። ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ። ዓለምሰገድ የፈተና ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሟል፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ያልሳቀችው ገንዘቤ ብቻ ናት። ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የየሺመቤትን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ሰጠቻት። ዓይኗን አላየችም። ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

ዓለምሰገድ ያን ምሽት አኮረፈ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ሲያኮርፍ እንደ አገሩ ካርታ ጸጥ ብሎ ግድግዳ ላይ ይተኩራል። እራቱን በላ፣ ወረቀቱን አረመ፣ በመጨረሻ «ለሴራሚኩ አይደለም የተቀየምኩት። ይሄን ያህል መርፌ ብቻሽን ሄደሽ መወጋትሽ ነው» አለ። ከዚያም ወርዶ ሱቅ ሄደና ፊቷን የምትይዝበት በረዶ ይዞላት መጣ። በረዶውን ፊቷ ላይ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ስለማታውቅ እስኪቀልጥ ድረስ ሁለቱም ሲያዩት አመሹ።

ቅላቱ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። የገንዘቤ በር ግን አልተከፈተም። የሺመቤት ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ ሁለቱን ጊዜ መልስ የለም። በሦስተኛው ላጲሶ ወጣና በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ፣

«አልተቀየመችሽም፣ የሺመቤት» አላት። «ፈርታ ነው። ልጁን በአፏ ቀበረችው። ሳይሞት አለቀስኩለት፣ ክፉ ነገር ጠራሁበት ብላ ጾም ይዛለች።»

የሺመቤት ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ሆዷ ባሰው። መርዶ ስትነግር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያለ ምክንያት ሰው አስለቅሳ አታውቅም። ሁለቱን ነገር እንደምትተው ወሰነች፤ መርፌውንም፣ መርዶውንም። በእሑድ፣ ገንዘቤ ከቸርች የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቃ በሩ ላይ ቆመች። ገንዘቤ ደረጃውን ወጥታ መጣች፣ አየቻት። በሩን ከፈተችና «ግቢ» አለቻት።

«ይቅር በይኝ» አለች የሺመቤት ገና ሳትቀመጥ። «ሰው እንዳይፈራኝ ብዬ ነው እኮ። ይህን ቀዳዳ ሁሉ ልሞላ ብዬ ነው።»

«የምን ቀዳዳ?»

«ይኸውልሽ፣ ጉንጬ ላይ።»

ገንዘቤ ክንዷን ይዛ ወደ በረንዳው ብርሃን ወሰደቻት። አገጯን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ አንዱን ጉንጭ አየች፣ ሌላውን አየች። የምታሾፍ አልነበረችም፤ ልክ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነው ያየቻት።

«ይሄን ነው?» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ስንኖር አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ምኔን ነው የምትፈሩት?»

«የምትመጪበትን ነው እንጂ! ፊትሽን ማን አየና? እኛ የምናየው እግርሽ የት በር ላይ እንደሚቆም ነው።»

የሺመቤት መሳቅም መናደድም ፈለገች። ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር፣ ማንም ላላየው ጉድጓድ። «በቃ፣ ሁለተኛ አልሄድም» አለች።

«ትሄጃለሽ» አለች ገንዘቤ። «ደስ ብሎሽ አልነበረም? ዓይንሽ ያበጠ ቢሆንም ደስታሽን አሁን ሳስበው ታውቆኛል። እኔ የሆንኩት ሆኜ አላየሁልሽም። ሂጂ ጨርሺው። እኔ ግን ሁለት ነገር እለምንሻለሁ።» ተቀመጠች፣ የሺመቤትንም ጎትታ አስቀመጠቻት። «መርፌውን ተወግተሽ በመጣሽ ቁጥር ከግቢው በር ጀምረሽ እየጮኽሽ ነይ። ልቤ ሁለተኛ አይችለውም። ሰው ይስማ፣ ይሳቅ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ እኔ ልስማ።»

«እሺ። ሁለተኛውስ?»

ገንዘቤ ስልኳን በመዳፏ አገላበጠችው። «ሌላው ቀን፣ ጌታ ያርቀውና፣ ከመጣ... ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ። አንቺ ነይ። ያን ቀን ዝም ብለሽ ነይ።»

 የሺመቤት የመጣችው መርዶ መንገሩን እንደምትተው ልትነግራት ነበር፤ ተወችው። የገንዘቤን እጅ ያዘች።

አምስት ሳምንት አለፈ። ከደቡብ አፍሪካ ድምፅ አልመጣም። የሺመቤት ሁለተኛውን ዙር ተወግታ፣ የተላጠ ቲማቲም ፊቷን በአዲስ ጃንጥላ ከልላ፣ ነጠላዋን እንደ ወጉ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ግቢው በር ላይ ደረሰች። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ግቢው ሙሉ ነው። አቶ ገሰሰና ጓደኞቻቸው፣ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች፣ መኪና የሚያጥቡ ጎረምሶች። የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የተከበረች የልጅ እናት፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልትጮኽ ነው። ጉሮሮዋን ጠራረገች። «መርፌ ነው» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ቀና ስትል ገንዘቤን አየቻት። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ በሁለት እጇ ብረቱን ይዛለች፣ አትንቀሳቀስም፣ ወደ ታች እያየቻት ነው። ገንዘቤ ከዚያ ላይ ሆና የየሺመቤትን ፊት ቀለም ማየት ይቻላት እንደሆነ እንጃ፤ የሺመቤት ግን የገንዘቤን ጣቶች ከታች ሆና ያየቻቸው መሰላት።

«መርፌ ነው!» ብላ ጮኸች የሺመቤት። ጎረምሶቹ ቀና አሉ። «ገንዘቤ! መርፌ ነው! ማንም አልሞተም፣ መርፌ ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አቶ ገሰሰ «ስንተኛው ነው?» ብለው ጮኹባት፤ «ሁለተኛው!» ብላ መለሰችላቸው። ማቆም አልቻለችም፤ ደረጃው ውስጥ ገብታ አንደኛ ፎቅ ላይ ጮኸች፣ ሁለተኛው ላይ ጮኸች፣ በሮች እየተከፈቱ ሰው እየሳቀ ቢያያትም እሷ «መርፌ ነው!» እያለች ወጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ጉንጮቿ በላቡ እየነደዱ ነበር። ገንዘቤ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማለች።

«ሰማሁ፣ የሺዬ» አለቻት። «ሰማሁ።»